የፀሐይ መለኪያው ያስተማረኝ

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ ሙያሽ አስራ አምስት ደቂቃ ተናገሪ» ሲሉኝ፣ ስለ ጨቅላ ሕፃናት ሕክምና እንደማወራ ገምተው ነበር። አልተሳሳቱም። ግን መንገዴ ትንሽ ዞር ይላል። የምጀምረው ከሆስፒታል ሳይሆን ከሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ነው፤ አንድ የመስታወት ኳስ ከተቀመጠበት ቦታ። እንግዲህ ታገሱኝ።

ተመርቀን ዕጣ ያወጣንበትን ቀን የማይረሳ የለም። ከመካከላችን የሳቀ አለ፣ ያለቀሰ አለ። እኔ የደረሰኝ ከዋና ከተማው በጣም የራቀ ሆስፒታል ነበር። ስሙን አልጠራም፤ የማወራው ስለ ሆስፒታሉ ሳይሆን ስለ ራሴ ነው። ከአጥራችን ማዶ በሽቦ የታጠረች ትንሽ የሣር ሜዳ ነበረች። እዚያ ላይ ነጭ ቀለም የተቀባ ባለ ሸንተረር ሳጥን፣ የዝናብ መለኪያ፣ ከሲሚንቶ በተሠራ አጭር ምሰሶ ላይ ደግሞ ብርቱካን የሚያክል የመስታወት ኳስ ይታያል። ጣቢያውን የሚጠብቁት ሰው በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ ጋሼ እላቸው ነበር። የደም ግፊት ታካሚዬ ነበሩ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከሥራ ስወጣ ከኳሱ ሥር አንዲት ወረቀት አውጥተው ሲያዩ አገኘኋቸውና ቆሜ ጠየቅኋቸው።

«ነይ ዶክተር፣ ግቢ» አሉኝ። ወረቀቷ ወፈር ያለች ሰማያዊ ካርድ ናት፤ ሰዓት ተሰምሮባታል። ኳሱ የፀሐይን ጨረር ሰብስቦ ካርዷ ላይ ያሳርፈዋል፤ ጨረሩም ያቃጥላታል። ፀሐይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስትሄድ የተቃጠለው ነጥብ እንደ መስመር ይሳባል። ደመና ሲመጣ መስመሩ ይቋረጣል፤ ሲገለጥ ይቀጥላል። ማታ ካርዷን አውጥተው የተቃጠለውን ርዝመት ይለኩና «ዛሬ ፀሐይ ይህን ያህል ሰዓት ወጥታለች» ብለው መዝገብ ላይ ይጽፋሉ። የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፣ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ባትሪ አያልቅበትም። እኔ ጄኔሬተር በጠፋ ቁጥር የምትጨነቅ ሐኪም ነበርኩና በጣም ቀናሁ።

ኋላ ሳነብ እንዳወቅሁት መሣሪያውን በ1853 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያሰበው ጆን ፍራንሲስ ካምቤል የተባለ የስኮትላንድ ሰው ነው፤ በአገሩ የሕዝብ ተረቶችን በመሰብሰብም ይታወቃል። የመጀመሪያው ኳስ የተቀመጠው በእንጨት ጎድጓዳ ላይ ነበር፤ የሚቃጠለው እንጨቱ ራሱ ነው። በ1879 ጆርጅ ስቶክስ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ እንጨቱን በብረት መያዣና በካርድ ተካው። ለዚህ ነው ካምቤል-ስቶክስ የሚባለው።

ያን ቀን ግን በልቤ የቀረው የጋሼ የመጨረሻ ንግግር ነው። «ዶክተር፣ ይሄ ኳስ የሚነግረኝ ፀሐይዋ ስንት ሰዓት እንደቆየች ነው። ምን ያህል እንደበረታች አይነግረኝም። እሱን የሚለካው ሌላ መሣሪያ ነው፤ እዚህ የለንም።»

ሰማኋቸው፣ ሳቅሁ፣ ሄድኩ። ነገሩ የገባኝ ግን ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው።

በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ አንዲት ወጣት እናት የሦስት ቀን ሴት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቱ እስከ እግሯ ድረስ ቢጫ ሆናለች። የእናትየው ደም ኦ፣ የልጅቱ ኤ ነው። እዚህ ላላችሁ ሐኪሞች ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ሐኪም ላልሆናችሁ ልንገራችሁ፤ ይህ ሰዉ የወፍ በሽታ የሚለው ቢጫነት ነው። በጨቅላ ሕፃን ላይ ሲበዛ ቢሊሩቢን የተባለው ቢጫ ነገር ወደ አንጎል ይገባና ይጎዳል። ሕክምናው መብራት ነው፤ ሰማያዊ ብርሃን። ብርሃኑ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ቢሊሩቢኑን ሰውነት በቀላሉ ወደሚያስወግደው ቅርጽ ይለውጠዋል።

መብራት ነበረን። ልጅቱን አስተኛናት፣ ዓይኗን ሸፈንን፣ አበራን። ክፍሉ በብርሃን ተሞላ። ቻርቱ ላይ በእጄ «ፎቶቴራፒ ያለማቋረጥ» ብዬ ጻፍኩ። ስንገባ ቢሊሩቢኗ 18 ነበር። በማግስቱ ጠዋት 23 ሆነ። ደም ለመቀየር ወደ ሌላ ሆስፒታል ላክናት፤ በክረምት መንገድ፣ በጭቃ፣ ሌሊቱን ሙሉ። ደሟ ተቀየረ፤ ተረፈች። ከዓመት በኋላ እናትየው ይዛት ስትመጣ ግን ልጅቱ አትቀመጥም፤ ስጠራትም ዞር አትልም።

እናትየው አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀችኝ፤ «ዶክተር፣ መብራቱ ሥር አልነበረች እንዴ?»

ነበረች። መብራቱ ሥር ነበረች። ምን ብዬ ልመልስ? ዘግይታችሁ ስለመጣችሁ አልኩ። የደማችሁ ዓይነት ስላልተስማማ አልኩ። ሁለቱም እውነት ነው። ግን ሦስተኛውን አልነገርኳትም፤ እኔም አላወቅሁትም ነበርና። ያ መብራት ለልጅቱ ምን ያህል ብርሃን ሰጣት? ማንም አልለካውም። የሚለካበት መሣሪያ በሆስፒታሉ አልነበረም፤ የባሰው ነገር ደግሞ መኖር እንዳለበት የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

ስፔሻላይዜሽን ከጨረስኩ በኋላ በሌላ ሆስፒታል ስሠራ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከውጭ አገር ሲመለስ በእጅ የሚያዝ ትንሽ የብርሃን መለኪያ ይዞልኝ መጣ። የምትለካው ቢሊሩቢን የሚሰማውን ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ነው፤ በተለይ ከ460 እስከ 490 ናኖሜትር ያለውን። አንድ ቅዳሜ ከሲስተሯ ጋር ሆነን በክፍሉ ያሉትን መብራቶች በየተራ ለካን። ሁላችንም «ጎበዙ» የምንለው መብራት ነበረን፤ ከሁሉም ደምቆ የሚታይ፣ የባሰባቸውን ልጆች የምናስተኛበት። ጎበዙ 6 ብቻ አወጣ። ጥግ ላይ ተገፍቶ የቆመው፣ ደብዘዝ ያለው ሰማያዊ መብራት 24 አወጣ። አቧራውን ጠርገን ወደ ሕፃኑ ስናቀርበው ከ30 አለፈ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ጠንካራ ፎቶቴራፒ ለማለት የሚጠይቀው ቢያንስ 30 ማይክሮዋት በስኩዌር ሴንቲሜትር በናኖሜትር ነው። ማለትም ለዓመታት የባሰባቸውን ልጆች የምናስተኛው ደካማው መብራት ሥር ነበር።

ለምን ተሳሳትን? ዓይናችን አታሎን ነው። የሰው ዓይን በቀን ብርሃን አብልጦ የሚያየው አረንጓዴና ቢጫውን፣ 555 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ነው። ሰማያዊው ለዓይን ደካማ ነው። ስለዚህ ነጭ አምፖል ደምቆ ይታየናል፣ ሰማያዊው ደብዝዞ። ልጅቱን የሚያድናት ግን እኛ ደብዛዛ የምንለው ነው። በዚያ ላይ የፍሎረሰንት ቱቦ ሲያረጅ እየበራ ይቀጥላል፤ የሚሰጠው ሰማያዊ ብርሃን ግን እየቀነሰ ይሄዳል። ነርሷ ለሥራ እንዲመቻት ከፍ አድርጋ ከሰቀለችው ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል። ዓይን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይነግራችሁም።

ሲስተሯ መለኪያውን ይዛ ዝም አለች። እኔ ያን ጊዜ ያስታወስኩት ጋሼን ነው። «ስንት ሰዓት እንደቆየች እንጂ ምን ያህል እንደበረታች አይነግረኝም።» እኔ ቻርት ላይ ስጽፍ የኖርኩት የመስታወት ኳሱን መዝገብ ነበር። ሰዓት። መጠኑ የለም። አንቲባዮቲክ «ለሰባት ቀን» ብሎ ሚሊግራሙን የማይጽፍ ተማሪ መምህራኖቻችን ምን ይሉት እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ ብርሃንን ለዓመታት ያለ ሚሊግራም አዘዝኩ።

ከዚያ በኋላ ስለ ፀሐይ መለኪያዎች ማንበብ ሱስ ሆነብኝ። ቤተሰቦቼ ይስቁብኛል። ካነበብኩት ጥቂቱን ላካፍላችሁ፤ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚመልሰው የተለየ ጥያቄ ነውና።

ጋሼ «ሌላ መሣሪያ ነው» ያሉኝ ፓይራኖሜትር ይባላል። ጥቁር የተቀባ ገጽ በመስታወት ጉልላት ተሸፍኖ ታገኙታላችሁ። ጥቁሩ የፀሐይን ጨረር ውጦ ይሞቃል፤ ከሥሩ ያለው ቴርሞፓይል የሙቀቱን ልዩነት ወደ ጥቂት ሚሊቮልት ይለውጠዋል። ጉልላቱ ነፋሱን ይከለክላል። ከጠቅላላው ሰማይ የሚመጣውን፣ ቀጥታውንም ከደመናና ከአየር የሚበተነውንም፣ ደምሮ በዋት በሜትር ካሬ ይነግራችኋል። ጥርት ባለ ቀን እኩለ ቀን ላይ ወደ 1,000 ይጠጋል። ኳሱ ካርዷን ማቃጠል ያለበት ቀጥታው ጨረር 120 አካባቢ ሲያልፍ ነው። ስለዚህ 150ም ሆነ 900 በካርዷ ላይ ያው «ፀሐይ ወጥታለች» ነው። ልዩነቱን የሚያውቀው ፓይራኖሜትሩ ነው።

ፓይርሄሊዮሜትር የሚባለው ደግሞ ቱቦ ነው፤ ፀሐይን እየተከተለ ቀጥታ የሚመጣውን ጨረር ብቻ ይለካል። ስሙን ያወጣለት ክሎድ ፑዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነው። በ1830ዎቹ መጨረሻ ውሃ በተሞላ፣ ፊቱ ጥቁር በተቀባ የብረት ዕቃና በቴርሞሜትር ብቻ የፀሐይን ኃይል ከከባቢ አየር ውጭ ወደ 1,228 ዋት በሜትር ካሬ ገደማ ገመተው። ዛሬ በሳተላይት የሚታወቀው 1,361 ገደማ ነው። በውሃና በቴርሞሜትር! መሣሪያ የለንም ብለን የምንቀመጥ ሰዎች ልናፍር ይገባል።

እነዚህ መሣሪያዎች ሁሉ የሚመሳከሩት ስዊዘርላንድ፣ ዳቮስ ከተማ ባለ መደበኛ ነው። በየአምስት ዓመቱ ከየአገሩ መሣሪያዎች እዚያ ተወስደው በአንድ ፀሐይ ሥር ጎን ለጎን ይነጻጸራሉ። ለምን ዳቮስ? ታሪኩ የኛው የሐኪሞች ታሪክ ነው። ዳቮስ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የሚታከሙባት የተራራ ከተማ ነበረች። ካርል ዶርኖ የተባለ ጀርመናዊ ነጋዴ ልጁ በነቀርሳ ታማ ወደዚያ ሄደ። ሐኪሞቹ የተራራው አየርና ፀሐይ ያድናል ይሉ ነበር። እሱ ግን ፀሐይዋ ምን ያህል እንደሆነች፣ የትኛው ክፍሏ እንደሚሠራ ማወቅ ፈለገ፤ በ1907 በራሱ ገንዘብ የመለኪያ ተቋም አቋቋመ። ዛሬ የዓለም የጨረር ማዕከል ያለው እዚያው ተቋም ውስጥ ነው። ዓለም ፀሐይን የሚለካበት መደበኛ ከጀርባው የታመመች ልጅ ያለው አባት አለበት።

የፎቶቴራፒ ታሪክም የተጀመረው ከፀሐይ ነው። በ1956 እንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ፣ ሮችፎርድ ሆስፒታል ውስጥ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን የምትንከባከብ ሲስተር ዋርድ የምትባል ነርስ ነበረች። ሞቅ ባለ ቀን ሕፃናቱን ወደ ግቢው ታወጣቸው ነበር። አንድ ቀን ሐኪሞቹን አንድ ልጅ አሳየቻቸው፤ ሰውነቱ ፈዞ ሳለ አንሶላ የሸፈነው ቦታ ብቻ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። በዚያው ሆስፒታል መስኮት ላይ ፀሐይ ያገኘ የደም ናሙና ቢሊሩቢኑ ቀንሶ ተገኘ። ክሬመርና ባልደረቦቹ በ1958 ላንሴት ላይ አሳተሙት። ያየችው ነርስ ናት። ለካውና መጠን አበጁለት። ሁለቱም ያስፈልጋል።

አሁን ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ የሚጠይቁን እናቶች ጋ ልምጣ። «ዶክተርዬ፣ ልጄን ፀሐይ ላሙቀው?» ይህን ያልተጠየቀ ሐኪም እዚህ ያለ አይመስለኝም። መልሱ የሚለየው ስለ የትኛው ፀሐይ እንደምናወራ ነው።

ለቢጫነት ከሆነ ልጅን እንዲሁ ፀሐይ ላይ ማስተኛት ሕክምና አይደለም። መጠኑ አይታወቅም፣ ቆዳው ይቃጠላል፣ ወይ ይሞቃል ወይ ይበርደዋል። በ2015 ሌጎስ፣ ናይጄሪያ ላይ በተሠራ ጥናት ግን አልትራቫዮሌቱንና ሙቀቱን የሚያስቀር ስስ ሽፋን ባለበት ድንኳን ሥር ሕፃናትን አስተኝተው፣ የሰውነታቸውን ሙቀትና የብርሃኑን መጠን እየለኩ፣ ከተለመደው ፎቶቴራፒ ያላነሰ ውጤት አግኝተዋል። ልብ በሉ፤ ፀሐይዋ የጥንቷ ፀሐይ ናት። ወደ ሕክምና የለወጣት ማጣሪያውና መለኪያው ነው።

ለአጥንት ከሆነ ጥያቄው ሌላ ነው። ቫይታሚን ዲ የሚሠራው አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለው ክፍል ነው፤ እሱ በመስኮት መስታወት አያልፍም። እናት ልጇን ጠቅልላ፣ መስኮት ዘግታ «ፀሐይ አሞቅሁት» ትላለች፤ ሙቀቱ ደርሶታል፣ የሚፈልገው ጨረር ግን መስታወቱ ላይ ቀርቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርቶ በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ የወጣውን ጥናት መምህራኖቻችን ያስታውሱታል፤ በሳንባ ምች በታመሙ ሕፃናት ላይ ሪኬትስ የመገኘቱ ዕድል ካልታመሙት በ13 እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ታየ። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ብለን በምንኮራበት አገር! ፀሐይ ሰማይ ላይ መኖሯና ልጁ ቆዳ ላይ መድረሷ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሌላው ጫፍም አለ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደጋ ላይ ብርድ እየተሰማን እንኳ እንቃጠላለን፤ ቆዳችን የሚሰማው ሙቀቱን እንጂ አልትራቫዮሌቱን አይደለም። ይህን ሸክም ከማንም በላይ የሚያውቁት አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ናቸው። እዚህም ዓይንና ቆዳ ጥሩ መለኪያ አይደሉም።

«ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው» ይባላል። እኔ ግን ሞቅነው ማለት አወቅነው ማለት እንዳልሆነ ነው የተማርኩት።

አሁን ወደ ልመናዬ ልግባ። መቼም የቀድሞ ተማሪዎች ስብሰባ ያለ ልመና አያልቅም።

አንደኛ፣ በውጭ አገርም በአገር ውስጥም ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ ለሆስፒታሎች የፎቶቴራፒ መብራት ትልካላችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከዛሬ ጀምሮ ከመብራቱ ጋር መለኪያውን አብራችሁ ላኩ። መለኪያ የሌለው መብራት ሲያረጅ ማንም አያውቅበትም። መለኪያውም ራሱ በየጊዜው እንዲመሳከር የሚልከውን ሰው አብራችሁ አስቡ፤ የሁለት ድርጅት መለኪያዎች ለአንድ መብራት የተለያየ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችን ቻርት ላይ ፎቶቴራፒ ሲጽፉ ሦስት ነገር እንዲጽፉ አስተምሩልን፤ ስንት ሰዓት፣ ምን ያህል፣ ከምን ያህል ርቀት። ቁጥሩ ካልተለካ «አልተለካም» ብለው ይጻፉ። ባዶ ቦታ ከምንተው የጎደለንን መጻፍ ይሻላል፤ የተጻፈ ጉድለት አንድ ቀን ገዢ ያገኛል።

ሦስተኛ፣ ከፊዚክስና ከኢንጂነሪንግ ክፍሎች ጋር እንነጋገር። ግቢው አንድ ነው፤ ግን ስንቶቻችን ሻይ አብረን ጠጥተን እናውቃለን? ፀሐይን መለካት ለእነሱ የዕለት ሥራ ነው። እኛ ጋ ደግሞ የአንድ ልጅ ዕድሜ ነው።

ያቺ ልጅ አሁን አድጋለች። ከእናቷ ጋር እስከ ዛሬ እንጠያየቃለን። መለኪያው እጄ ከገባ በኋላ አንድ ቀን ሄጄ ያን የድሮ ጥያቄዋን መለስኩላት። «መብራቱ ሥር ነበረች፤ ግን ምን ያህል ብርሃን እንዳገኘች አልለካሁም። መለካት ነበረብኝ» አልኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ቡናውን ቀዳችልኝና «ለሌሎቹ ትለኪያለሽ አይደል?» አለችኝ።

እለካለሁ አልኳት። ብቻዬን ግን አልችልም። ለዚህ ነው ዛሬ የነገርኳችሁ።